አንድ ዓሣ፣ ሠላሳ ስም፦ የአትላንቲክ ጠረፍ የዓሣ ስያሜዎች ታሪክና የሠራሽ ዝንብ ሥራ

መግቢያ

የአንድን ቋንቋ ቃላት የሚሰበስብና የሚያደራጅ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በረቂቅ ቃላት እንደሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታሰባል። የመዝገበ ቃላት ሥራ ልምድ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። «ነፃነት»ን ወይም «ፍትሕ»ን ለመፍታት የሚቸገር ሰው ቢያንስ የሚቸገርበትን ነገር ያውቀዋል። የዓሣ፣ የወፍ ወይም የዛፍ ስም ሲያጋጥመው ግን፣ ነገሩ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ በመሆኑ፣ ለአንድ ነገር አንድ ስም፣ ለአንድ ስምም አንድ ነገር ያለ ይመስለውና ሳይጠራጠር ያልፋል። ስሕተቱም የሚገባው በዚሁ በኩል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ችግር በአንድ ዓሣ ታሪክ ማሳየት ነው። ዓሣው በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ የሚኖረው ሜንሄደን ነው። ይህ ዓሣ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስሞቹ ብዛትና የታሪካቸው ርዝመት ለቋንቋ ጥናት የተመቸ ነው። ሁለተኛ፣ የባሕር አጥማጆች በላባና በጠጉር ምስሉን እየሠሩ ለሌሎች ዓሦች ማባበያ ስለሚያደርጉት፣ የአካባቢው ስም ከዓሣው አልፎ ወደ አንድ የእጅ ሥራ ሙያ ቃላት ተሻግሯል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ዓሣውና ምስሉ

ሜንሄደን ከኖቫ ስኮሺያ እስከ ፍሎሪዳ ባለው ጠረፍ በታላላቅ መንጋ እየተጓዘ የሚኖር የሄሪንግ ዘመድ ነው። አፉን ከፍቶ ሲዋኝ ውኃውን በስንጥቡ እያጣራ ጥቃቅን ሕያዋንን ይመገባል፤ በዚህም ምክንያት የሚያዘው ባብዛኛው በመረብ እንጂ በመንጠቆ አይደለም። ሥጋው በዘይትና በእሾህ የተሞላ ስለሆነ ለሰው ገበታ ብዙ አይፈለግም። ሆኖም ስትራይፕድ ባስና ብሉፊሽ የተባሉት አዳኝ ዓሦች፣ የባሕር ወፎችና ዓሣ ነባሪዎች ይመገቡታል። እንዲህ ያለውን ለሌሎች ቀለብ የሚሆን ዓሣ በዚህ ጽሑፍ «መኖ ዓሣ» ብለነዋል።

ስትራይፕድ ባስን በዘንግ ለማጥመድ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ መኖ ዓሣውን የሚመስል ነገር ያስፈልገዋል። በጉጠት በተያዘ መንጠቆ ላይ የአውራ ዶሮ ረጃጅም ላባዎችንና የአጋዘን ጅራት ጠጉርን በክር እየጠመጠመ የዓሣውን ቅርጽ ያወጣል፤ በጐኑ የሚያብለጨልጭ ጭረት ይጨምርበታል፤ ትልቅ ዓይን ያበጅለታል። በእንግሊዝኛ ይህ ሥራ «ዝንብ ማሰር» ይባላል፤ የተሠራውም ነገር «ዝንብ» ነው።

ስሙ የመጣው ከወንዝ ነው። ትራውት የተባለውን የወንዝ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሠሩት በውኃ ላይ የሚያርፉትን ነፍሳት የሚመስል ማባበያ ነበር። ሙያው ወደ ባሕር ሲሻገር የሚመሰለው ነገር ከነፍሳት ወደ ዓሣ ተለወጠ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ የዓሣ ምስል ዛሬም «ዝንብ» ይባላል። በአማርኛ ቃል በቃል ቢተረጐም አንባቢው በራሪዋን ነፍሳት ስለሚያስብ፣ «ሠራሽ ዝንብ» ማለትና በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የላባ ማባበያ መሆኑን መግለጽ ይበቃል።

2. የነባሮቹ ሕዝቦች ስሞች

«ሜንሄደን» የሚለው ስም መነሻው በዛሬው ሮድ አይላንድ የሚኖሩት የናራጋንሴት ሕዝብ ቋንቋ ነው። የሮድ አይላንድን የእንግሊዞች ሠፈራ የመሠረተው ሮጀር ዊልያምስ በ1643 ለንደን ላይ ባሳተመው የናራጋንሴት ቋንቋ መጽሐፉ «ሙናዋቲዮግ» የሚል ቃል መዝግቧል። የ19ኛው ምዕተ ዓመት የቋንቋ ሊቅ ጄ. ሃሞንድ ትራምቡል ቃሉን ሲፈታ ሥሩ «መሬትን ማዳበር» የሚል ትርጉም እንዳለው አመልክቷል። እንግዲህ ስሙ ስለ ዓሣው መልክ አይናገርም፤ ስለ አገልግሎቱ ይናገራል፤ «አዳባሪው» እንደማለት ነው።

ወደ ሰሜን፣ በሜይን ጠረፍ፣ ዓሣው «ፖጊ» ይባላል። ይህም ከአቤናኪ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ የሥሩ ፍች እንደዚሁ መሬት ማዳበር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ የአልጎንኪያን ቤተሰብ አባላት ቢሆኑም፣ ስሞቹ የተገነቡት ከተለያዩ ሥሮች ነው። በድምፅ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት በአንድ ሐሳብ መገናኘታቸው ለቋንቋ ታሪክ ተመራማሪ ታላቅ ነገር ነው።

ነገሩ ታላቅ የሆነውም ከአንድ የታሪክ ክርክር ጋር በመያያዙ ነው። ቲስኳንተም ወይም ስኳንቶ የተባለው ሰው በ1621 ለፕሊመዝ ሠፋሪዎች በቆሎ ሲተከል ዓሣ ከሥሩ መቅበርን እንዳስተማራቸው ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። በ1975 ሊን ሴሲ የተባሉ የጥንተ ሰብእ ተመራማሪ ይህ ልማድ የነባሮቹ ሕዝቦች መሆኑን ተጠራጠሩ። ስኳንቶ በ1614 ተጠልፎ ወደ አውሮፓ ተወስዶ ስለነበር፣ ትምህርቱን ከአውሮፓውያን አግኝቶት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ሰፋ፤ የዓሣውም ስም ለምስክርነት ተጠራ።

ይህ ምስክርነት ምን ያህል ይመዝናል? ቃሉ በጽሑፍ የሰፈረው ከ1621 በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ቈይቶ ስለሆነ፣ ብቻውን የልማዱን ዕድሜ ሊያረጋግጥ አይችልም። አዲስ ልማድ አዲስ ስም ሊያወጣ ይችላልና። ነገር ግን ሁለት ሕዝቦች በሁለት የተለያዩ ሥሮች ዓሣውን በዚያው ተግባር መጥራታቸው፣ ነገሩ በአንድ ሰው ትምህርት በአንድ ቦታ የተጀመረ ነው ለሚለው ሐሳብ አይመችም። የቃል ሥር ለታሪክ የሚሰጠው ማስረጃ በዚህ ልክ የተወሰነ ነው፤ ከዚህ አሳልፎ ማስመስከር ቃሉን መበደል ይሆናል።

3. የሆላንዳውያን ስጦታ

በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ዓሣው «ሞስባንከር»፣ ሲያጥር «ባንከር» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ባንከር» የሚለው ድምፅ ምሽግንና የከሰል ማከማቻን ስለሚያስታውስ ብዙ ሰው ከዚያ የመጣ ይመስለዋል። እውነተኛው መነሻ ግን ሆላንድኛ ነው። በሰሜን ባሕር ሆላንዳውያን «ማርስባንከር» የሚሉት ሌላ ዓሣ፣ ይኸውም የፈረስ ማከሬል የሚባለው አለ። ኒው ዮርክ ኒው አምስተርዳም ተብላ በነበረችበት ዘመን ሠፋሪዎቹ በወደቡ ዙሪያ በመንጋ የሚንቀሳቀስ ዓሣ ባዩ ጊዜ በአገራቸው በሚያውቁት ስም ጠሩት። የሁለቱ ዓሦች ዝምድና በጣም የራቀ ነው፤ የሚያመሳስላቸው በመንጋ ብዛት መምጣታቸው ብቻ ነው።

ስደተኛ ሕዝብ ለአዲስ አገር ፍጥረት ስም ሲሰጥ ሦስት መንገድ ይከተላል፤ ከነባሩ ሕዝብ ይዋሳል፣ ከአገሩ ይዞ የመጣውን ስም ያለብሳል፣ ወይም ካየው መልክ ተነሥቶ አዲስ ይፈጥራል። «ሜንሄደን»ና «ፖጊ» የመጀመሪያው፣ «ባንከር» የሁለተኛው ምሳሌ ናቸው። በሰሜን ካሮላይና የሚነገረው «ፋትባክ»፣ ትርጉሙ «ጀርባ ስብ»፣ የሦስተኛው ነው። ዓሣው የዘይት ምንጭ በመሆኑ ስሙ በቀላሉ ይገባል።

4. ንጉሡና ቀማሹ

በቨርጂኒያ ዓሣው «በግፊሽ»፣ ማለትም «ባለ ተባዩ ዓሣ» ተብሎም ተጠርቷል። ይህ ስም አፉን ከፍቶ ላላየ ሰው እንቈቅልሽ ነው። በብዙዎቹ ዓሦች አፍ ውስጥ ቅማል የሚመስል ጥገኛ ተባይ ተጣብቆ ይገኛል።

ሳይንሳዊ ስሙም ከዚሁ ተባይ ተወለደ። የአሜሪካን የምክር ቤት ሕንፃ ካነፁት አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ሄንሪ ላትሮብ ዓሣውን በቨርጂኒያ መርምሮ በ1802 መግለጫውን ከሥዕል ጋር አሳተመ። ለዓሣው «ክሉፔያ ቲራኑስ»፣ ለተባዩ «ኦኒስከስ ፕሬጉስታቶር» የሚሉ ስሞች ሰጣቸው። «ቲራኑስ» አምባገነን ገዥ፣ «ፕሬጉስታቶር» ደግሞ አስቀድሞ ቀማሽ ማለት ነው። የሮም ነገሥታት መርዝ ፈርተው ምግባቸውን በሌላ ሰው ያስቀምሱ እንደነበረ ሁሉ፣ ይህም ዓሣ በአፉ ውስጥ ቀማሽ አስቀምጧል ማለቱ ነበር። በ1861 ቴዎዶር ጊል ለወገኑ «ብሬቮርቲያ» የሚል አዲስ ስም ስላወጣለት፣ ዓሣው ዛሬ በሳይንስ «ብሬቮርቲያ ቲራኑስ» ይባላል።

በፕላንክተን የሚኖር ምስኪን ዓሣ «አምባገነን» የተባለበትን ምክንያት የማያውቅ ተርጓሚ፣ ከላቲኑ ተነሥቶ ዓሣውን አዳኝና ጨካኝ አድርጎ ሊገልጸው ይችላል። ሳይንሳዊ ስም መለያ ምልክት ነው፤ የፍጥረቱ መግለጫ ሆኖ ሁልጊዜ አያገለግልም።

5. የ1880ው መዝገብ

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በኒው ኢንግላንድና በሎንግ አይላንድ ጠረፍ የዓሣ ዘይት መጭመቂያዎች ተስፋፉ። የመንግሥት የዓሣ ኮሚሽን ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ብራውን ጉድ በ1880 የሜንሄደንን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ስለ ኢንዱስትሪ የተጻፈ ቢሆንም፣ የስም ምዕራፉ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ አርአያ ሊሆን የሚችል ነው። ጉድ ዓሣው ቢያንስ ሠላሳ የሕዝብ ስሞች እንዳሉትና አብዛኞቹም ከጠባብ አካባቢ እንደማያልፉ ገለጸ። ስሞቹን በዝርዝር ብቻ አላስቀመጠም፤ እያንዳንዱ ከየት እስከ የት እንደሚነገር ጠቈመ። «ፖጊ» በሜይን፣ «ሃርድሄድ» ወይም «ጠንካራ ራስ» በኬፕ አን አካባቢ፣ «ዋይትፊሽ» ወይም «ነጭ ዓሣ» በኮነቲከት፣ «ሞስባንከር» በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ፣ «አልዋይፍ»ና «በግፊሽ» በቼሳፒክ፣ «ፋትባክ» በሰሜን ካሮላይና ይነገሩ ነበር።

ይህ አሠራር አንድ ትምህርት ይሰጣል። የአካባቢ ስም ያለ ቦታው ቢመዘገብ ግማሹ ትርጉሙ ይጠፋል።

6. ስሞች ሲጋጩ

እስካሁን ያየነው አንድ ዓሣ ብዙ ስም ሲይዝ ነው። የሚከፋው ግን አንድ ስም ብዙ ዓሣ ሲይዝ ነው።

በሜይን «አልዋይፍ» ማለት በጸደይ ከባሕር ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባ፣ በላቲን «አሎሳ ሱዶሃረንጉስ» የሚባል ዓሣ ነው። በቼሳፒክ ግን ሕዝቡ በዚሁ ስም ሜንሄደንን ሲጠራ ኖሯል። እንደዚሁም «ፖጊ» በሜይን ብሬቮርቲያ ቲራኑስን ሲያመለክት፣ በሉዊዚያና የሚያመለክተው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚኖረውንና ጉድ ራሱ በ1878 «ብሬቮርቲያ ፓትሮኑስ» ብሎ የሰየመውን ሌላ ዝርያ ነው።

ከመኖው ወደ አዳኙ ስንሻገር ችግሩ ወደ ሕግ ይገባል። በኒው ኢንግላንድ «ስትራይፐር» የሚባለው ስትራይፕድ ባስ በሜሪላንድ «ሮክፊሽ»፣ ማለትም «የዐለት ዓሣ» ነው፤ በ1965 የክፍለ ግዛቱ ዓሣ ተብሎ ሲታወጅም ይህ ስም አልተለየውም። ስሙ ከሳይንስ ጋር ይስማማል፤ ዋልባውም በ1792 የሰጠው «ሳክሳቲሊስ» የሚለው የላቲን ቅጽል ትርጉሙ «በዐለት መካከል የሚኖር» ነውና። ነገር ግን በፓስፊክ ጠረፍ «ሮክፊሽ» ማለት ሴባስተስ የተባለ ሌላ ወገን ሲሆን፣ ከ60 በላይ ዝርያዎችን ያጠቃልላል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት የስትራይፕድ ባስ ቊጥር እጅግ በቀነሰ ጊዜ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1984 የጥበቃ ሕግ አወጣ፤ ሜሪላንድም ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን አገደች። ሕጉ ዓሣውን «ሞሮኔ ሳክሳቲሊስ» ከሚለው ሳይንሳዊ ስም ጋር በማያያዝ ፈታው። ይህ ባይደረግ ኖሮ፣ አንዱ «እኔ ያጠመድሁት ሮክፊሽ ነው» ሌላውም «ስትራይፐር ነው» እያለ በስም ልዩነት ለመከራከር በር ይከፈት ነበር።

ስምን አንድ የማድረጉ ሥራ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ማኅበር በ1948 የታወቁ ዓሦችን የጋራ ስም ዝርዝር አሳተመ፤ ከዚያም በ1960፣ በ1970፣ በ1980 እና በኋላም እያሻሻለ አውጥቶታል። መመሪያው ለአንድ ዝርያ አንድ ስም እንዲኖር፣ አንድ ስምም ለሁለት ዝርያ እንዳይሰጥ ነው። በዚህ ሥርዓት «አትላንቲክ ሜንሄደን» መደበኛ ስም ሆነ፤ «ባንከር»ና «ፖጊ» በሕዝብ አፍ ቀሩ። በ1942 የተቋቋመው የአትላንቲክ ክፍለ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ኮሚሽን አሥራ አምስት ክፍለ ግዛቶችን የሚያስተባብር በመሆኑ ያለ አንድ ስም ሥራውን ማካሄድ አይችልም። ኮሚሽኑ በ2020 የሜንሄደን የማጥመድ መጠን ሲወሰን ለስትራይፕድ ባስ የሚተርፈው መኖም እንዲታሰብ ደንግጓል። የሁለቱ ዓሦች ዕጣ በአንድ ውሳኔ ሲታሰር፣ የሁለቱም ስም የማያሻማ መሆን ነበረበት።

7. የላባ ሠሪዎቹ ቋንቋ

የሠራሽ ዝንብ ሙያ ግን የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ጆ ብሩክስ በ1950 ስለ ባሕር ዝንብ ማጥመድ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ሙያው የራሱን ቃላት አበዛ። በ1950ዎቹ ማብቂያ በርናርድ «ሌፍቲ» ክሬ ለቼሳፒክ ስትራይፕድ ባስ የሚሆን ምስል አበጀ፤ «የሌፍቲ አታላይ» ተባለ። የፈታው ችግር ተግባራዊ ነበር። ረጃጅም ላባ በሚወረወርበት ጊዜ ከመንጠቆው ጋር ይጠላለፋል። ክሬ ላባዎቹን ከመንጠቆው ኋላ በኩል አስሮ ፊቱን በአጋዘን ጠጉር አንገትጌ ከበበው፤ ምስሉም ሳይጠላለፍ የሚበርና በውኃ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚሞላ ሆነ። በ1991 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥዕሉን በቴምብር ላይ አውጥቶታል።

ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በሰስከሃና ወንዝ የሠራው ምስል ደግሞ በመንጠቆው ግንባር ላይ የብረት ዓይን ስላለው እየጠለቀና እየተነሣ ይሄዳል። ክሬ «የክላውዘር ጥልቅ ሚኖው» አለው። «ሚኖው» በሳይንስ የአንድ የዓሣ ቤተሰብ አባላት ስም ሲሆን፣ በሕዝብ እንግሊዝኛ ማንኛውም ጥቃቅን ዓሣ ነው። ተርጓሚ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ማለፍ የለበትም፤ እዚህ ላይ የሕዝቡ ፍች ነው የታሰበው።

ሁለቱ የሙያ ስሞች ሠሪያቸውን ሲያወሱ፣ ብዙዎቹ ግን የሚመስሉትን ዓሣ ያወሳሉ፤ የሚያወሱትም በሠሪው አካባቢ ስም ነው። በኒው ጀርሲ የተሠራ የሜንሄደን ምስል «ባንከር» ነው፤ የዓሣው ግልገል «ፒነት ባንከር»፣ ማለትም «ለውዝ ባንከር» ስለሚባል፣ ግልገሉን የሚመስለው ማባበያም በዚሁ ስም ይጠራል። ሜይን ላይ «ፖጊ» ሲል ያደገ አጥማጅ የዚህን የአሠራር መመሪያ ሲያነብ የሚሠራው የሚያውቀውን ዓሣ መሆኑን ስሙ አይነግረውም። «ሲልቨርሳይድ» የሚባለውም ትንሽ ዓሣ በኒው ዮርክ «ስፒሪንግ» ነው። «ሳንድ ኢል»፣ ማለትም «የአሸዋ ኢል»፣ ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ወገን አይደለም፤ መደበኛ ስሙ «ሳንድ ላንስ» ነው።

የሙያው ሰዎች ከዚህ ግራ መጋባት የሚወጡት በመልክ ነው። መመሪያው «ሰፊ ጎን፣ ትልቅ ራስ፣ ከስንጥቡ ጀርባ ጥቁር ነጥብ» ካለ ሜንሄደን መሆኑ ይታወቃል፤ «ቀጭን፣ በጎኑ ብርማ መስመር» ካለ ሲልቨርሳይድ ነው። መጠኑና ቀለሙ ከስሙ ይልቅ የታመነ ፍች ይሰጣል። ለተርጓሚም መንገዱ ይኸው ነው፤ ስሙ ሲያጠራጥር መግለጫውን ይመልከት።

8. ከጣና ዳር

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ጕዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጄምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ በጣና ዙሪያ ሲያልፍ፣ በዓሣና በጉማሬ አደን ይተዳደሩ የነበሩት ወይጦዎች ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፎ ነበር። ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ሲዘግብ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ማርሴል ኮኸን በ1939 ባወጣው ጥናት ከወይጦዎች አማርኛ መካከል መነሻቸው ያልታወቀ ጥቂት ቃላትን ለየ። ከነዚህ አንዱ «ሽልክሪት» ሲሆን፣ ትርጉሙ የዓሣ ቅርፊት ነው።

አንድ ቋንቋ ጠፍቶ ከቀሩት ጥቂት ቃላት አንዱ የዓሣ ቅርፊት መጠሪያ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። የሙያ ቃል ከሙያው ጋር ስለሚኖር ከቋንቋው ሞት በኋላም ይቈያል። ናራጋንሴትም ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ የዕለት መነጋገሪያነቱ ሲቀር፣ «ሜንሄደን» የሚለው ቃሉ በአሥራ አምስት ክፍለ ግዛቶች ሰነድ ላይ ቀርቷል።

በጣና የሚኖሩ የላቤዮባርቡስ ወገን ዓሦችን ሳይንስ በብዙ ዝርያ ከፍሎ ይቈጥራቸዋል፤ ከነዚህ ብዙዎቹ የተሰየሙት በ1997 ነው። «አምባዛ»ና «ቆሮሶ» በመዝገበ ቃላት ቦታ አላቸው። የዓሣ አጥማጆች ዝርዝር ስሞች፣ የመጠን፣ የዕድሜና የወቅት መለያዎች ግን በየሐይቁ በቦታቸው ሊመዘገቡ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመዝገበ ቃላትና ለትርጉም ሥራ አራት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የዓሣ ስም ሲመዘገብ የተነገረበት ቦታና ዘመን አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጐን ሳይንሳዊው ስም ይቀመጥ፤ ለመለያነት እንጂ ለፍችነት አይወሰድ። ሦስተኛ፣ በሕግና በሳይንስ ጽሑፍ መደበኛው ስም ይጸና፤ በልብ ወለድ፣ በትዝታና በሙያ መጽሐፍ ግን ተናጋሪው ያለው የአካባቢ ስም እንዳለ ይተላለፍ፤ የኒው ጀርሲን አጥማጅ «ሜንሄደን» ማሰኘት አገሩን መንጠቅ ነውና። አራተኛ፣ መደበኛ ስም ሲወጣ የአካባቢ ስሞች ከመዝገብ አይሰረዙ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል። ደረጃ የማውጣት ሥራ አንዱን ስም ሲያነሣ ሌሎቹን በሥነ ሥርዓት ካላኖራቸው፣ በውስጣቸው ያለው ታሪክ አብሮ ይቀበራል። «አዳባሪው» ስለ እርሻ፣ «ማርስባንከር» ስለ ስደት፣ «ባለ ተባዩ» ስለ ዓሣው አፍ፣ «ጀርባ ስብ» ስለ ዘይቱ ይናገራሉ። አንዱ ስም ለሥራ ይበቃል፤ ዓሣውን ለማወቅ ግን ሠላሳዎቹም ያስፈልጋሉ።